አንዴ የሚጠይቅ ቤት

«ልጅሽ አንዴ ብቻ ጠየቀችኝ። አይ ብላት፣ እሺ ብላ ዘጋችብኝ።»

ዓይናዲስ ይህን ክስ የሰማችው ጓዳ ውስጥ ፊቷን በሳሙና እንደሸፈነች ነው። ከሳሹ አያ ባህሩ ነበር፤ ያሳደገቻት አክስቷ የአገኘሁሽ ታላቅ ወንድም፣ መነጽር ሊያሠራ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገሩ ነው። ግን ቁስቋም ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ይህ ቤት ግድግዳው ቢወፍርም፣ በጓዳውና በሳሎኑ መካከል ያለው መጋረጃ ብቻ ስለሆነ ምስጢር አይቋጥርም። «እኔ ፊልም አይቼ የት ልደርስ» ሲል ቀጠለ፤ «አንጀቴን ያሳረረው እሱ አይደለም። አንቺ ለቅሶ ቤት ሄደሽ ለብቻዬ ተቀምጬ ሳለሁ ‹ሸጋ ፊልም አለኝ፤ ላሳይዎት?› አለችኝ። እንዴት ያለች ልጅ ወጥታለች ብዬ በሆዴ መርቄ፣ አይ አትቸገሪ አልኋት። ‹እሺ፣ መልካም ጊዜ ይሁንልዎ› ብላ እልም። ትመለሳለች ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ የለችም። ምነው፣ ምን አደረግኋት?» ከአገኘሁሽ በኩል የተሰማው የብርጭቆ ኳኳታ ብቻ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ ከአገኘሁሽ ንግግር ይልቅ የሚፈራው ዝምታዋ ነው።

ዓይናዲስን መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነበር። ትናንት ከሥራ አምሽታ ስትመለስ አያ ባህሩ ተኝቶ ነበርና አንድ ቃል እንኳ አልተለዋወጡም። በሐሰት ተመሰከረብኝ ብላ ሳሙናውን ሳታስለቅቅ ልትወጣ ስትል ግን የሰማቻቸው ቃላት ቆም አደረጓት። «ሸጋ ፊልም አለኝ፤ ላሳይዎት?» ይህን የጻፈችው እሷ ናት። የባጃጅ ጥሩምባ እንዳይገባበት ብርድ ልብስ ተከናንባ በገዛ ድምፅዋ የቀዳችውም እሷ ናት። አያ ባህሩን የጠየቀችው ቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠችው ጥቁር ሳጥን ነበረች።

ሳጥኗ «እልፍኝ» ትባላለች። መጠኗ ከሳሙና ማስቀመጫ አይበልጥም። የሠራት አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ሲሆን፣ ከቴሌቪዥን ጋር ሲያያይዟት ሆዷ ውስጥ የተጫኑትን ፊልሞች፣ ድራማዎችና መዝሙሮች ሰው በፈለገው ሰዓት የፈለገውን እየመረጠ እንዲያይ ታደርጋለች። ኢንተርኔት መጣ ሄደ ብዙም አይገዳትም። ከሁለት ወር ወዲህ በጎንደር ከተማና እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ባሉ ቤቶች ለሙከራ ገብታለች። የዓይናዲስ ሥራ የሳጥኗ ፊት ነው፤ ሰው ቴሌቪዥኑን ሲከፍት ምን ይታየዋል፣ የቱ ሥዕል የት ይቀመጣል፣ ፊደሉ ምን ያህል ይወፍራል፣ አንዱን ሲጫኑት ምን ይመጣል። ጎረቤቶቿ ሥራዋን ሲጠይቋት «የፊልም መምረጫ ገጽ እሠራለሁ» ትላለች፤ እነሱም ተዋናይ ናት ብለው ደምድመዋል። እንዲህ ያሉ ሌሎች ሳጥኖች ገና ሲከፈቱ አርባ ሥዕል ፊት ላይ ይደፋሉ፤ ከዚያ መሐል መምረጥ ለማያነበው ቀርቶ ለሚያነበውም ጭንቅ ነው። ስለዚህ ዓይናዲስ እንግዳ ተቀባይ አበጀች። ቴሌቪዥኑ ሲበራ ድምፅዋ ሰላምታ ያቀርባል፣ አንድ ፊልም ይጋብዛል። ሪሞቱ ላይ አረንጓዴው አዎ ነው፣ ቀዩ አይ ነው። አረንጓዴውን የተጫነ ፊልሙ ይከፈትለታል፤ ሌላ ቢያሻው ወደ ቀሪዎቹ ያልፋል። ቀዩን ለተጫነ ሳጥኗ መልካም ጊዜ ተመኝታ፣ በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ምልክቷን ብቻ አስቀርታ ዝም ትላለች። ከሠራችው ሁሉ የምትኮራው በዚህች ሰላምታ ነበር።

ፊቷን አድርቃ ወደ ሳሎን ወጣችና ጎንበስ ብላ የአያ ባህሩን ጉልበት ሳመች። «አያ ባህሩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የጠየቀዎት ሳጥኑ ነው እንጂ እኔ አልነበርኩም» አለች። አያ ባህሩ ቀና ብሎ እንባ በሚያቀርሩት ዓይኖቹ ተመለከታት። «ሳጥን መሆኑን አጣሁት ብለሽ ነው? ድምፁ የማን ነው?» «የኔ።» «ቃሉስ?» «እሱም የኔ።» «እንግዲያውስ» አለና ዳቦውን ቆረሰ። ከዚያ በኋላ የተወራው ስለ መነጽር ነው። ፍሬሙ ብቻ ሦስት ሺህ ብር እንደተባለ፣ በዚያ ዋጋ አምባ ጊዮርጊስ በግ ይገኝ እንደነበረ፣ የዘንድሮ ገብስ ደህና እንደያዘ። አገኘሁሽ ሻይ እየቀዳች ትናንት ለወንድሟ የገዛችው ዶሮ ሁለት ሺህ ብር እንደፈጀ ተናገረች፤ ለመመካት ሳይሆን ወንድሟ በዚህ ቤት መከበሩን እንዲያውቅ ነው። ለዓይናዲስ ግን ዳቦውን ስታቀርብላት ዓይኗን አላነሳችም። ቤቷ ገብቶ ያልተለመነ እንግዳ አለ መባል ለአገኘሁሽ ቤቷ ተዘረፈ ከመባል ይከብዳታል።

ከቁስቋም ወደ ፒያሳ በሚወርደው ባጃጅ ውስጥ ዓይናዲስ ሳቋ ሊያመልጣት እየታገለች ሄደች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ሰረቅ አድርገው ሲያይዋት ግን ሳቁ በራሱ ጊዜ ከሰመ፤ ምክንያቱም ቀኑ የሚያስቅ ቀን አልነበረም። የሥራው ኃላፊ ምስጋናው በጠዋቱ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ይገባል። የሚመጣው የጎንደሩ ሙከራ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውን ሊወስን ነው፤ ከተዘጋ ሳጥኖቹ ይሰበሰባሉ፣ ቢሮው ይለቀቃል፣ ዓይናዲስም ወይ አዲስ አበባ ትሄዳለች ወይ ሥራ ትፈታለች። መሄዱን አትፈልግም። የተማረችው እዚህ ነው፣ የምታውቀው ሰው እዚህ ነው፣ አክስቷም ከእሷ ሌላ በቤቱ ሰው የላትም። ወሬው ከተሰማ ሁለት ሳምንት ቢሞላውም ግን አገኘሁሽ አንድም ቀን «ትሄጃለሽ ወይ?» ብላ አልጠየቀቻትም። ባለፈው ቅዳሜ ብቻ ከገበያ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝታ አልጋዋ ላይ አስቀመጠችላት። «አዲስ አበባ ይበርዳል ይላሉ» አለች፣ አለቀ። ዓይናዲስ ብርድ ልብሱን እያየች፣ አክስቴ ልቧ ቆርጦ ሸኝታኛለች ብላ አዘነች።

ቢሮው ፒያሳ ካለ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ የታች ጁስ ቤት ዘፈን። ምስጋናው ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ገብቶ ጨበጣት። ወደ አርባው የተጠጋ፣ ቀጭን፣ ነገሩን ሁሉ በቀስታ የሚናገር ሰው ነው። «አንተ በይኝ» ካላት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እሷም እሺ ካለችው ዓመት ሊሞላት ነው፤ እስካሁን ግን እርስዎ ነው። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሳጥኖቹ ኢንተርኔት ባገኙ ቁጥር የላኩትን መረጃ አሳያት። መረጃው የተዘረዘረበት ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነበር። ከአሥር ቤት ስምንቱ፣ ገና «ላሳይዎት?» ሲባል ቀዩን ተጭኗል፤ ከዚያም ቴሌቪዥኑን ዘግቷል። አዲስ አበባ ባሉት የእልፍኝ ሳጥኖች፣ ሥዕሎቹ በሙሉ በሚደፉበት በድሮው ገጽ፣ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም።

«ገጹ ቆንጆ ነው፤ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም» አለ ምስጋናው፣ ከልቡ ማዘኑ እየታወቀበት። «ያልጠበቅነው ሕዝቡን ነው። እኔ እንደገባኝ ጎንደሬ ፊልም አይወድም። በዚህ ወር መጨረሻ ሳጥኖቹን እንሰብስብ። አንቺ አዲስ አበባ ቦታ አለሽ፤ እሱን ጨርሼ ነው የመጣሁት።»

ዓይናዲስ ጎንደሬ ፊልም አይወድም የሚለውን ስትሰማ ጆሮዋ ጋለ። የሰፈሯ ልጆች በሚሞሪ ካርድ እየተዋሱ የማያዩት ፊልም የለም። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ የመጣ ገበሬ ስልኩን ፊልም ሳያስጭን አይመለስም። ለመከራከር አፏን ስትከፍት ዓይኗ ከቀዩ ምልክት ጎን ያሉት ቁጥሮች ላይ አረፈ። ሰዎቹ ቀዩን እንደተጫኑ ወዲያው አልዘጉም። ባዶው ገጽ ላይ አንዱ አምስት፣ አንዱ ሰባት፣ አንዱ አሥር ደቂቃ ቆይቷል። ፊልም የማይወድ ሰው ጥቁር መስኮት ላይ አፍጥጦ አሥር ደቂቃ ምን ያደርጋል? ወዲያው አያ ባህሩ ታያት፤ ሪሞቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ድጋሚ እስኪጠየቅ ድረስ ምልክቷን ብቻ እያየ። ይህን ሁሉ ሰው በየቤቱ እንደዚያ አስቀምጣዋለች። አዘነችላቸው፤ ቀጥሎ ደግሞ ሳቋ መጣ።

«ቀዩን የተጫኑት ስለማይፈልጉ አይደለም» አለች። «እየተግደረደሩ ነው። ድምፁ የባለቤት ነዋ፣ እንደ ባለቤት ነው የጋበዛቸው። ሰው ቤት ‹ላሳይዎት?› ሲባል መጀመሪያ አይ ነው የሚባለው፤ ባለቤቱ ሁለተኛ ይጠይቃል፣ ሦስተኛ ይለምናል። እኔ ግን አንዴ ጠይቆ የሚዘጋ ቤት ሠራሁ።» ምስጋናው ሰማት፤ ፈገግም አለ። ግን ራሱን ነቀነቀ። «ለማሽን የሚግደረደር ሰው የለም፣ ዓይናዲስ። ሲቆዩም እንቅልፍ ወስዷቸው ይሆናል። የፈለገ ሰው አረንጓዴ ይጫናል። ቀይ ቀይ ነው።» አንድ የአምባ ጊዮርጊስ ሽማግሌ ማኩረፉን ብትነግረው አንድ ሽማግሌ መረጃ አይሆንም ይላታል። እሱም እውነቱን ነው። ክርክሩን ተወችው።

ሰዓቱ ወደ ስድስት ሲቃረብ ምሳ እኛ ቤት ይብሉ አለችው፤ ለወጉ ነበር። «አይ፣ አትቸገሪ» አለ ምስጋናው። «ቤት ያፈራውን ነው፣ ምንም ችግር የለውም።» «ኧረ ሰዓቱም አይበቃኝም፣ አውሮፕላኔ አሥር ሰዓት ነው፤ እዚሁ የሆነ ነገር ቀምሼ እሄዳለሁ።» «አክስቴ ብትሰማ አትለቀኝም፣ ምነው?» ምስጋናው ኮምፒውተሩን ከደነ። «እንግዲህ ካልሽ፣ እሺ» አለ። ዓይናዲስ ነገሩ የገባት ደረጃው አናት ላይ ስትደርስ ነበር። ሰውየው ሁለቴ ቀዩን ተጭኖ በሦስተኛው አረንጓዴውን ተጫነ። እሱ አላወቀውም፤ እሷም አልነገረችውም። ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብላ ተመለሰችና ስልኳን አወጣች።

አገኘሁሽ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ ሲሏት የሚያስደስታትን ያህል የሚያስደስታት ነገር የለም። ዶሮው ለወንድሟ ምሳ ደርሷል፣ እንቁላሉም ገብቷል፣ ጠላም አለ። «ይምጣ፣ ይምጣ» አለች፤ የጠዋቱንም ኩርፊያ የረሳችው መሰለ። ከዚያ ዓይናዲስ ያሰበችውን ነገረቻት። ሲቀርብለት አንዴ ብቻ ትጠይቂዋለሽ፤ በቃኝ ካለሽ እሺ ብለሽ ታነሺያለሽ፤ በሞቴ የለም፣ ጉርሻ የለም።

«ምን በድሎሽ ነው?» አለች አገኘሁሽ።

«ምንም አልበደለኝም።»

«ታዲያ እኔ ምን በደልኩሽ? ሰውየው እኮ ስሜን ይዞ አዲስ አበባ ሊገባ ነው።»

ዓይናዲስ ሳጥኑን፣ ቀዩን፣ መግደርደሩን ልታስረዳት ሞከረች፤ ጊዜ አልነበራትም። ስለዚህ ሁለት ሳምንት በጉሮሮዋ የከረመውን ተናገረች። «እቴቴ፣ ይህ ሰው ዛሬ ካልገባው መሄዴ ነው። እኔ መቅረት እፈልጋለሁ።» «መቅረት ትፈልጊያለሽ?» አለች አገኘሁሽ። ድምፅዋ ቀጠነ። «እንዲህ ካልሽኝማ... እኔ እኮ አልጠየቅሁሽም። ብጠይቅሽ እሄዳለሁ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።» ዓይናዲስ የመታጠቢያውን ጠርዝ ይዛ ቆመች። እኩያዎቿ ሁሉ ያላቸው ቤት ለእሷም እንዳላት፣ የሚፈልጋት ሰው እንዳለ፣ ብርድ ልብሱም መሸኛ እንዳልነበረ ገባት፤ ዓይኗ ሞላ። «አንዴ ብቻ ነው ያልሽኝ?» ስትል ጠየቀች አገኘሁሽ። «አንዴ ብቻ።» «እንግዲህ እመብርሃን ይቅር ትበለኝ» አለችና ዘጋችው።

ሳሎኑ ተጠርጎ፣ ወንበሮቹ ባለ ዳንቴል ልብሳቸውን ለብሰው ጠበቋቸው። አያ ባህሩ ለመነጽሩ ተለክቶ ተመልሶ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ምስጋናው ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ወገራ ገብስ ተጨዋወቱ። አገኘሁሽ እጅ አስታጠበችና መሶቡን ከፈተች። ሽታው ቤቱን ሞላው። ለምስጋናው ከፊቱ ቀይ ወጥ ጨለፍ አድርጋ አንድ ብልት አወጣችለት፤ እንደ ደንቡ የመጀመሪያው ዙር ማስጀመሪያ ነው፤ እንቁላሉና ፈረሰኛው የሚመጡት እንግዳው ሲለመን ነው። ምስጋናውም እንደ ደንቡ በላ፤ ትንሽ ትንሽ እየቆረሰ፣ ከፊቱ ሳያልፍ፣ ያቺን ብልት ጨርሶ እጁን ሰብሰብ አደረገ። ጠዋት አውሮፕላን ውስጥ ከተሰጠችው ብስኩት ሌላ ምንም እንዳልቀመሰ በመንገድ ላይ ለዓይናዲስ ነግሯት ነበር።

«ይጨመርልዎት?» አለች አገኘሁሽ።

«በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በጣም ይጣፍጣል።»

ይህን ሲል እጁን ሙሉ በሙሉ አላነሳውም፤ ትሪው ጠርዝ ላይ እንዳረፈ ነበር። አገኘሁሽ ጭልፋውን ይዛ ዓይናዲስን አየቻት። ዓይናዲስ ወለሉን አየች። «እሺ» አለች አገኘሁሽ፣ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው። ከተወለደች ጀምሮ እንግዳ በቃኝ ሲላት እሺ ብላ አታውቅም። ድስቱን ከፊቱ አነሳችው። አያ ባህሩ ማኘኩን አቆመ።

«አገኘሁሽ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ ይጨመርልህ?»

«እኔማ በልቻለሁ» አለ አያ ባህሩ፣ ስልሳ ዓመት ሲል እንደኖረው። «እሺ» አለች አገኘሁሽና የመሶቡን ክዳን ገጠመችው። አያ ባህሩ ባዶ እጁን እንደያዘ ዓይኑ ክዳኑ ላይ ቀረ። «ትናንት ልጅቱ፣ ዛሬ ደግሞ አንቺ» አለ ለራሱ። ጠላው መጣ። ምስጋናው ብርጭቆውን ግማሽ ድረስ ጠጥቶ ሲያስቀምጥ «ይደገም?» ተባለ፤ ይበቃኛል አለ፤ ማንቆርቆሪያው ወደ ጓዳ ተመለሰ። አገኘሁሽም አብራ ገባች፤ እዚያ ሆና ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ዓይናዲስ በመጋረጃው ጎን አየቻት።

ምስጋናው ከአዘዞ እስከ ከተማ ያለው መንገድ ጥሩ እንደሆነ ተናገረ። አያ ባህሩ እህ አለ። ምስጋናው ሰዓቱን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ መሶቡን አየ፤ ወዲያው እንዳላየ ሆነ፤ ደግሞ አየው። የሆነ ጥፋት አጥፍቶ እንደሆነ ከሰላምታው ጀምሮ ወደ ኋላ እያሰበ ይመስላል። ዓይናዲስን አሳዘናት። እንዲያም ሆኖ ትንሽ አቆየችው። ከዚያ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ከፍታ፣ የቢሮውን ሰሌዳ አውጥታ፣ በቢሮ ድምፅ ጠየቀችው።

«አቶ ምስጋናው ዶሮ ወጥ አይወዱም ብዬ ልጻፍ?»

ምስጋናው መጀመሪያ አልገባውም። ሰሌዳውን አየ፤ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። የተከደነውን መሶብ አየ። የራሱን እጅ አየ። ጆሮው ቀላ፤ ቀጥሎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ያ ነገሩን ሁሉ በቀስታ የሚናገር ሰው የጎረቤት ውሻ እስኪጮህ ድረስ ሳቀ። «ቀዩን ተጫንኩ» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ይኸው ቁጭ ብዬ እየጠበቅሁ ነው።» ወደ ጓዳው ዞረና ድምፁን ከፍ አደረገ። «እማማ፣ እባክዎ አንዴ ይድገሙና ይጠይቁኝ። ርቦኛል።»

አገኘሁሽ ከጓዳ እንዴት እንደወጣች ማንም አላየም፤ ድስቱን ይዛ ደርሳ ነበር። እርስዎ የሚለውም እዚያው ቀረ። «አፈር ስሆን ብላልኝ፣ ልጄ። በሞቴ። ይችን ፈረሰኛ፣ አንተን ብዬ ነው ያስቀመጥኋት። እንቁላሉን እንካ፣ እንዲህ ቀጥነህ እናትህ ምን ትላለች?» እያለች በአንድ ትንፋሽ ስድስት ሰባት ጊዜ ለመነችው፤ እየጎረሰ እሺ ሲል እንኳ አልሰማችውም። የታመቀባትን ሁሉ አወጣችው። አያ ባህሩም ሳይለመን እጁን ወደ መሶቡ ሰደደና ይህ ነገር ምን እንደሆነ ይነገረኝ አለ። ዓይናዲስ ሁሉንም ነገረችው፤ እንደ እሱ ስንት ሰው በየቤቱ ድጋሚ እስኪጠየቅ ተቀምጦ እንደነበረም ጭምር። አያ ባህሩ በጥሞና ሰማትና «ታዲያ ያን ሳጥን ማን አሳደገው?» አለ። «እኔ» አለች ዓይናዲስ። «እንግዲያው አስተምሪው» አለ፤ ይህን ያለው ጉርሻ እየጠቀለለላት ነበርና ይቅር መባሏን አወቀች።

ምስጋናው አፉ ሞልቶ እያለ ሥራውን ጀመረ። ሁለተኛውስ ጥያቄ እንዴት ይሁን? ማሽን ሲጨቀጭቅ ሰው ይሰለቻል። ዓይናዲስ በባጃጁም በደረጃውም ስታስብበት መጥታለች። ሁለተኛው ጥያቄ አይሆንም አለችው። አገኘሁሽ አይ የተባለች ጊዜ ደግማ ጠይቃ ብቻ አትተውም፤ ፊት ለፊት አስቀምጣ ትሄዳለች። ሳጥኑም እንደዚያ ያድርግ። ቀዩን ሲጫኑት «እንዳሻዎ» ይበልና ፊልሙን በአንድ ጥግ በትንሹ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስጀምረው። ያላሻው ቀዩን ደግሞ ያልፈዋል፤ ያን ጊዜ ሌላ ፊልም እንደዚያው ይቀመጥለታል። ያሻው ሰው ማንም ሳያየው አረንጓዴውን ይጫናል። ሦስተኛ ጊዜ ቀዩን የተጫነ የእውነት ጠግቧልና ያን ጊዜ በክብር ይሸኝ። ምስጋናው ማኘኩን አቁሞ ሰማት። ይህን በአንድ ሳምንት ሠርተሽ በአሥር ቤት ትሞክሪዋለሽ ወይ አላት። በአምስት ቀን አለችው። አውሮፕላኑን ወደ ነገ ለማዛወር ስልኩን አወጣ፤ አገኘሁሽ ያን ጊዜ አልጋ ላነጥፍ ብላ ተነሥታ ነበር።

እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ምስጋናው ተስተካክሎ ተቀመጠ። «ቢሮው አይዘጋም» አለ። «ሳጥኖቹም አይሰበሰቡም፤ ይህን ለአዲስ አበባ የማስረዳው እኔ ነኝ። ግን እዚህ ሆኖ ሥራውን የሚመራ ሰው ያስፈልገኛል። የጎንደሩን ብቻ አይደለም፣ የሌላውም አገር ሰው በየራሱ ወግ እንዴት እንደሚጋበዝ አጥንቶ መግቢያውን የሚሠራ። ኃላፊነቱ ከባድ ነው፤ እና አንቺ ፈቃደኛ ከሆ—»

«እሺ» አለች ዓይናዲስ።

አገኘሁሽ ክው አለች። እንዲህ ያለ ነገር ሲቀርብ ደንብ አለው። መጀመሪያ እኔ ማን ነኝ ይባላል፤ ቀጥሎ ከኔ የሚሻል አይጠፋም ይባላል፤ ሲለመኑ ሲለመኑ አንገት ተደፍቶ ፈቃድዎ ከሆነ ይባላል። ይህችኛዋ ሰውየውን ቃሉን እንኳ አላስጨረሰችውም። ዓይናዲስም ታውቀዋለች። ዛሬ ግን ሁለተኛ ጥያቄ እስኪመጣ ለመጠበቅ አልደፈረችም፤ የፈለገችውን ፈልጌዋለሁ ማለት በሕይወቷ እንዲህ ጣፍጧት አያውቅም። ምስጋናው ሳቀ፤ አያ ባህሩም ሳቀ። አገኘሁሽ ብቻ ፊቷ በኀፍረት እንደቀላ ወደ እንግዳው ዞረች።

«ይቅር በላት ልጄ» አለችው። «ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ግን እንዲህ አድርጌ አላሳደግኋትም።»

ይህን ስትል የዓይናዲስን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ እንግዳው ሌላ ወሬ ጀምሮ እስኪጨርስም አልለቀቀችውም።